ዋይፋይ ሲጠፋ ክላሴ እንዳይቋረጥ ምን መጠባበቂያ ልያዝ? (ጎንደር፣ ማራኪ)

ጥያቄ፦ ህሊና ዘማራኪ
ሰላም ናችሁ ጎንደሮች? ውጭ አገር ላሉ ልጆች በዙም አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ቤት የፋይበር ዋይፋይ አለኝ። ሲሠራ ምንም አይወጣለትም። ግን ልጆቹ ተሰብስበው «ሰላም ቲቸር!» ሲሉ ድርግም ይላል። አንዳንዴ መብራት ሄዶ ነው፤ አንዳንዴ መብራት እያለም ይጠፋል። ወላጆች ከፍለው ሲጠብቁ ያሳፍራል። ሌላ መስመር ላስገባ ወይስ ፓወር ባንክ ልግዛ? ኪሴ ሰፊ አይደለም።

ገመዱ (ፒያሳ)
እህቴ፣ ብር ከማውጣትሽ በፊት ሲጠፋ የፋይበር ሣጥኑ ላይ ያሉትን መብራቶች እዪ። «ኤል ኦ ኤስ» የምትለው ቀይ ከሆነች ከውጭ ብርሃን እየደረሰሽ አይደለም። ያኔ ከግድግዳው ወደ ሣጥኑ የሚመጣውን ቀጭን ገመድ ተመልከቺ። አልጋ ተጭኖት ወይም በር ቆንጥጦት ይሆናል፤ ፋይበር በጣም ከታጠፈ ብርሃኑ ይባክናል። ገመዱ ደህና ከሆነ ብልሽቱ ውጭ ነውና ደውለሽ አስመዝግቢ፤ የተመዘገበበትንም ቁጥር ያዢ። ቀይ ሳይበራ ኢንተርኔት ብቻ ከጠፋ በስልክሽም ሞክሪ፤ ላፕቶፑ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አደራ፣ «ሪሴት» የምትለዋን ቀዳዳ በመርፌ እንዳትነኪ! አጥፍቶ ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ። ሪሴት የተሞላውን ሁሉ ይደመስስና ቴክኒሻን ካልመጣ አይነሳልሽም።

ሰናይት (አዘዞ)
ለመብራቱ ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ራውተሩን የሚያሠራ ትንሽ ባትሪ) ግዢ። እኔ ለራውተሬ የምጠቀመው እሱን ነው። መብራት ሲሄድ ራውተሩ አይጠፋም፤ ዙሙም አይቆረጥም። ግን መጀመሪያ አዳፕተርሽ ላይ የተጻፈውን አንብቢ። 12 ቮልት የሚፈልገውን በ9 ብትሰኪው አይሠራም፤ 9 የሚፈልገውን በ12 ብትሰኪው ደግሞ ልታቃጥዪው ትችያለሽ።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር አያታልልሽ። 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ማለት በ3.7 ቮልት ተባዝቶ 37 ዋት-ሰዓት ነው። 10 ዋት ለሚበላ ዕቃ፣ የሚባክነው ሲቀነስ 3 ሰዓት ገደማ ይዞ ያመሻል። የፋይበር ሣጥኑና ራውተሩ ለየብቻ ከሆኑ ግማሹን አስቢ፤ ሁለት መውጫ ያለውንም ምረጪ።

አቤ ቀሃ
የመኪና ባትሪ እኮ 12 ቮልት ነው፣ ለምን ብር ታባክናለች?

ሰናይት (አዘዞ)
አቤ፣ ቻርጅ እየተደረገ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል። በሳሎን ደግሞ አሲድ ማን ይፈልጋል?

ጋሼ ሞላ
ልጄ፣ ዩፒኤሱ ለመብራት እንጂ ለተቆረጠ ፋይበር አይረዳሽም። ለእሱ ሲም ያስፈልግሻል። ከቤትሽ መስመር ኩባንያ የተለየ ይሁን፤ ዋናው ሲበላሽ አብሮ እንዳይወድቅ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫው አለ፤ 09 ያለው 07 ይጨምር፣ 07 ያለው 09።

ደግሞ ሳትሞክሪ ጥቅል አትግዢ። ከተማችን ተራራማ ናት፤ አንዱ ሰፈር የሚበረው ሌላው ጋ ይንቀራፈፋል። ከጓደኛ ሲም ተዋሺና ቅዳሜ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ክፍል፣ መስኮት አጠገብ ሞክሪው። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ወደ ዳታ ስለሚዞር ያኔም እዪው። ጥምቀትን ግን ተዪው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ቪዲዮ ሲልክ ማንም ሲም አይችለውም። ክላሱን ቀድመሽ አዛውሪ።

ህሊና ዘማራኪ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ዛሬ አየሁት፤ መብራት እያለ ሲጠፋ ቀይ ይበራል። ገመዱም ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተጣጥፎ ነበር! አቃንቼዋለሁ። በሆትስፖት ሳስተምር ግን ዳታው አይጨርሰኝም?

ገመዱ (ፒያሳ)
ቪዲዮ የተከፈተበት የቡድን ዙም በሰዓት ወደ 1 ጊጋ ሊበላ ይችላል። ዙም ላይ ኤችዲን አጥፊ፤ ካሜራሽን ዘግተሽ በድምፅና በስላይድ ካስተማርሽ በጣም ይቀንሳል። የልጆቹን ቪዲዮ መቀበልም ይበላልና እነሱም ይዝጉ። ላፕቶፑ ላይ የሆትስፖቱን ኔትወርክ «ሜተርድ» (ዳታው የተወሰነ ነው) አድርጊው፤ አለዚያ ዊንዶውስ አፕዴት ሲያወርድ ጥቅልሽን ይጠርግልሻል። የቴሌግራምን አውቶማቲክ ዳውንሎድም አጥፊ።

ሌላ፣ ከወላጆቹ አንዱን ዙም ላይ ኮ-ሆስት (ረዳት አስተናጋጅ) አድርጊ። አንቺ ብትቆረጪም ክፍሉ አይዘጋም፤ ወደ ዳታ እስክትዞሪ ልጆቹ እዚያው ይጠብቁሻል።