ለአንድ ክፍል የንባብ ጥግ ገንዘብ ከየት ይገኛል? (ድሬዳዋ)

መምህርት ከሳቢያን

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። 61 ልጆች አሉኝ። ትምህርቱ በአማርኛ ነው፣ ቤታቸው ግን ኦሮምኛ የሚያወሩ አሉ፣ ሶማሊኛ የሚያወሩ አሉ፣ ሦስቱንም እያቀላቀሉ የሚጫወቱም ብዙ ናቸው፤ መቼም የድሬ ልጅ እንዲህ ነው። ከሰሌዳ መገልበጥ ይችላሉ። ፊደልም ይለያሉ። አንድ ገጽ አንብቡና ምን እንደሚል ንገሩኝ ስላቸው ግን ግማሾቹ ዝም ይላሉ። ከመማሪያ መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ በእጃቸው ይዘው አያውቁም፣ እሱንም ለሁለት ለሦስት ነው የሚያዩት።

ያሰብኩት ቀላል ነገር ነው። ክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ዝቅ ያለ መደርደሪያ፣ አንድ ምንጣፍ፣ 80 ገደማ የተረት መጽሐፍ። ጠዋት ሙቀቱ ሳይበረታ በየቀኑ 20 ደቂቃ እያነበቡ እንዲጀምሩ። አናጢ አነጋገርኩ፣ የመጽሐፍ ዋጋ ጠየቅኩ፣ ሁሉም ተደምሮ 38 ሺህ ብር መጣ። ከደሞዜ የሚወጣ አይደለም።

ርዕሰ መምህራችን ሐሳቡን ወደደው፣ ግን የዘንድሮው በጀት ለጠመኔና ለጥገና ሄዷል አለኝ። ለአንድ ድርጅት ደብዳቤ አስገባሁ። ሦስት ወር ተመላለስኩ። መጨረሻ ላይ የሰጡኝ መልስ «እኛ ለአንድ ክፍል አንሰጥም፣ ፕሮጀክቱ በጣም ትንሽ ነው» የሚል ነው። ይኼ መልስ እስካሁን ያበሳጨኛል። የጠየቅኩት ትንሽ ስለሆነ ተከለከልኩ ማለት ነው።

በቅርቡ አሜሪካ ውስጥ በየከተማው ለመምህራን የክፍል ሥራ ብቻ ገንዘብ የሚሰጡ የትምህርት ፋውንዴሽኖች እንዳሉ ሰማሁ። የሚያውቅ ካለ እንዴት እንደሚሠሩ ንገሩኝ። እዚህ እኛ አገርስ እንደዚያ ያለ ነገር መሥራት ይቻላል?

የድሬ ልጅ በቨርጂኒያ

እህቴ፣ እኔ ለገሃሬ ነው ያደግኩት፣ አሁን ልጆቼን እዚህ አሜሪካ አስተምራለሁ። በምኖርበት አካባቢ እንዲህ ያለ ፋውንዴሽን አለ፣ ሁለት ዓመት በበጎ ፈቃድ የመምህራንን ማመልከቻ አንብቤለታለሁ። ስለዚህ ያየሁትን ልንገርሽ።

ፋውንዴሽኑ የትምህርት ቢሮው አካል አይደለም። ለብቻው የቆመ፣ ከግብር ነፃ የሆነ፣ ለትርፍ የማይሠራ ድርጅት ነው። ቦርዱ ወላጆች፣ ነጋዴዎች፣ እዚያው የተማሩ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡን ከሰፈሩ ሱቆች፣ ከቀድሞ ተማሪዎች፣ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ የእራት ወይም የሩጫ ዝግጅት ይሰበስባሉ። እንዲህ ያሉት ድርጅቶች በተለይ ካሊፎርኒያ ውስጥ የበዙት ከ1978 እ.ኤ.አ. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ፕሮፖዚሽን 13 የሚባል ሕግ በሕዝብ ድምፅ ጸደቀና የቤት ግብር ላይ ጣሪያ ተደረገበት። እዚህ ትምህርት ቤት ከሚኖርበት ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ያለው የቤት ግብር ስለሆነ ገንዘቡ ሲቀንስ ወላጆች ራሳቸው ማዋጣት ጀመሩ።

መምህሯ የምትሞላው ፎርም ሁለት ሦስት ገጽ ነው። ልጆቹ ምን ይሠራሉ? ስንት ናቸው? እያንዳንዱ ዕቃ ስንት ነው? እንደሠራ በምን ታውቂያለሽ? ዕቃው ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ይተርፋል ወይ? በቃ ይኼ ነው። ደሞዝ አይከፍሉም። ቢሮው ሊገዛው የሚገባውን ነገርም አይገዙም። ማመልከቻው የትምህርት ዓመቱ ሲጀመር ይወጣል፣ ገንዘቡ በዚያው ዓመት ሥራ ላይ ይውላል፣ መጨረሻ ላይ አጭር ሪፖርት ከደረሰኝ ጋር ይመለሳል።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ስናነብ የሚያሸንፈን «የንባብ ባህልን ለማዳበር» የሚል ማመልከቻ አልነበረም። እሱን ሁሉም ይጽፋል። ማክሰኞ ጠዋት በር ተከፍቶ ልጆቹ ሲገቡ የት ሄደው ምን እንደሚያነሱ፣ ከማን ጋር እንደሚያነቡ የሚያሳይ ነው ገንዘቡን የሚወስደው። አንቺ እዚህ የጻፍሽው ራሱ ከብዙዎቹ ይሻላል።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። ሀብታም ሰፈር ያለ ፋውንዴሽን ብዙ ይሰበስባል፣ ድሃ ሰፈር ያለው ትንሽ። ይበልጥ የሚያስፈልገው ልጅ ጋ ያነሰው ነው የሚደርሰው። እናንተ ከጀመራችሁ ይኼን ከመጀመሪያው አስቡበት።

በነገራችን ላይ ዶነርስቹዝ የሚባለውን ድረ ገጽ ሰምተሽ ከሆነ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ብሮንክስ ውስጥ አንድ መምህር የጀመረው ነው፣ መምህር የሚፈልገውን ይጽፋል፣ ሰው ያዋጣል። ግን ለአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ብቻ ስለሆነ በእሱ ጊዜሽን አታጥፊ።

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብዙ ዓመት ርዕሰ መምህር ሆኜ ሠርቻለሁ፣ ከውስጥ ያለውን መንገድ ላሳይሽ።

ስኩል ግራንት የምንለው፣ ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚሰጠው ገንዘብ፣ ከአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር የመጣ ነው፣ ፕሮግራሙ በ2001 ዓ.ም. ነው የተጀመረው። ያኔ የነበረው ስሌት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለአንድ ተማሪ 50 ብር፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ 55 ብር ነበር። በዚያ ስሌት ያንቺ ክፍል 61 ልጅ ድርሻ 3,050 ብር ነው። ያውም ሁሉም ላንቺ ክፍል ቢሰጥ፣ እሱ ደግሞ አይሆንም፤ ጠመኔውም፣ የሽንት ቤቱ በርም፣ የፈተና ወረቀቱም ከዚያው ነው። ስለዚህ ርዕሰ መምህርሽ ገንዘብ የለም ሲልሽ አልዋሸሽም።

ግን ገንዘብ የለም ማለት መንገድ የለም ማለት አይደለም። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅዱ አራት ርዕሶች አሉት፣ መማር ማስተማር፣ ምቹ የትምህርት አካባቢ፣ አመራር፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎ። ያንቺ ሐሳብ የመጀመሪያው ውስጥ በደንብ ይገባል። ዕቅዱ ሲዘጋጅ አንድ መስመር አስገቢ። አንድ መስመር ብቻ። አንዴ እዚያ ከገባ ወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ፊት ስትቆሚ የግል ጉዳይሽን ይዘሽ የመጣሽ አይመስልም፣ የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ይሆናል። ከውጭ የሚረዳ ሰውም «በዕቅድ ውስጥ አለ ወይ» ብሎ ነው የሚጠይቅሽ።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ በእጅሽ አትቀበይ። ማንም ይስጥሽ፣ ዘመድሽም ይሁን። ወይ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይግባ፣ ወይ ሰጪው ዕቃውን ራሱ ገዝቶ ያምጣና በሞዴል 19፣ በዕቃ መረከቢያ ደረሰኙ ማለት ነው፣ ገቢ ይሁን። ስንት ቅን መምህር 2 ሺህ ብር በእጁ ተቀብሎ ስሙ ሲጠፋ አይቻለሁ፣ ገንዘቡን ከነትርፉ ለልጆቹ አውሎት።

ሦስተኛ፣ ከመጀመርሽ በፊት ልጆቹን ለኪያቸው። አንድ በአንድ ጠርተሽ ከመጽሐፉ አንድ አንቀጽ ለአንድ ደቂቃ ጮክ ብለው ያንብቡ፣ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበቡ መዝግቢ። ከአራት ወር በኋላ ድገሚው። 61 ልጅ በሁለት ሳምንት ይጠናቀቃል። ተግባራዊ ምርምር አድርገሽ ብታቀርቢው ለሙያ ማሻሻያሽም ይያዝልሻል፣ ለጋሹም የሚያየው ቁጥር ያገኛል።

ሰሚር

ይቅርታ እኔ ትንሽ የተለየ ነገር ነው የምለው። መምህር ለምን ይለምናል? የመጽሐፍ መደርደሪያ ማሟላት የመንግሥት ሥራ ነው። እናንተ በየጊዜው እያዋጣችሁ ስትሞሉት ቢሮው ኃላፊነቱን ይረሳዋል። እህታችንን አልተቃወምኩም፣ ልቧ ጥሩ ነው። ግን ዛሬ መደርደሪያ፣ ነገ ወንበር፣ ከነገ ወዲያ ጣሪያ ይሆናል።

መምህርት ከሳቢያን

ሰሚር፣ ልክ ነህ። እኔም አምናለሁ። ግን ሦስተኛ ክፍል ያሉት ልጆች ዘንድሮ ናቸው ሦስተኛ ክፍል ያሉት። ቢሮው በሦስት ዓመት ቢያስተካክለው እነዚህ ስድስተኛ ክፍል ደርሰዋል። እየጠየቅን እንሥራ ነው የምለው።

ጁገል በር

ሐረር ነኝ። ሰሚር ያለውን ፍርሃት እጋራለሁ፣ ስለዚህ እኛ ጣሪያና ወንበር አንነካም ብለን ተስማምተናል፣ ልጅ በእጁ የሚይዘውን ነገር ብቻ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አብረን የተማርን ልጆች በቴሌግራም ግሩፕ ነበረን፣ ሰላምታና ፎቶ ብቻ። አንድ ቀን ከመሀላችን አስተማሪ የሆነችው ስለ ክፍሏ ጻፈች። እኛ ሐረር ውስጥ አፎቻ አለን፣ ለሰርግና ለቀብር የምንደጋገፍበት፣ ሰው በየወሩ የሚያዋጣበት፣ ሒሳቡን ሁሉም የሚያውቀው። እና አንዱ «እንደ አፎቻ እናድርገው» አለ። በወር ትንሽ ትንሽ፣ የማያዋጣ ሰው ስሙ ይነበባል። መሰብሰቡን ሁላችንም ከቤታችን ስለምናውቀው ማንም እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቀም።

የመጀመሪያው ዓመት ተበላሸብን። ለአንድ ትምህርት ቤት ገንዘቡን በጥሬው ሰጠን፣ ለሳይንስ መርጃ መሣሪያ ብለን። ስንሄድ የቢሮ ወንበር ተገዝቶበታል። ሰርቆ የበላ ሰው የለም፣ ወንበሩም አለ፣ ግን ልጆቹ ምንም አላገኙም። በጣም አዘንን፣ ሁለት ሰዎች ከግሩፑ ወጡ። ከዚያ በኋላ ጡረተኛው ጋሼ እንዳሉት ነው የምናደርገው፣ ዕቃ ገዝተን በሞዴል 19። መምህሯ ራሷ አብራን ገበያ ትወጣለች። ይኼ ትልቅ ለውጥ ነው ያመጣው። የሚያስፈልጋትን የምታውቀው እሷ ናት፣ እኛ ሳናውቅ ቆንጆ የመሰለንን ልንገዛ ነበር።

ሕጋዊነቱን ለሚጠይቅ፦ ለአንድ ክፍል አንድ ጊዜ ለመርዳት ማኅበር ማቋቋም አያስፈልጋችሁም፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ይሆናል። በቋሚነት፣ በራሳችሁ ስም ሒሳብ ከፍታችሁ ከሕዝብ ልትሰበስቡ ከሆነ ግን ተመዝገቡ። እዚህ ላይ ድሬና ሐረር ይለያያሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ድሬዳዋ ውስጥ የሚሠራውን ድርጅት ይመለከታል፣ ስለዚህ እናንተ የምትሄዱት የፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ጋ ነው። እኛ በአንድ ክልል ውስጥ ብቻ ስለምንሠራ ጉዳያችን ከክልሉ ጋር ነው።

ማተሚያ ቤት ከዚራ

መጽሐፉን በተመለከተ ብቻ። 80 መጽሐፍ ሁሉንም በሽያጭ ዋጋ አትግዥ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባል ድረ ገጽ አለ፣ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው። የልጆች ተረት በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም አለው፣ በነፃ አውርደሽ ማተም በሕግ የተፈቀደ ነው። አንዱን ተረት በሦስቱም ቋንቋ አትመሽ ጎን ለጎን ብታስቀምጪው፣ ያቺ ቤቷ ሶማሊኛ የምታወራ ልጅ መጀመሪያ በሚገባት አንብባ ወደ አማርኛው ትመጣለች። እኔ ለገዛ ልጄ እንዲህ አድርጌያለሁ።

አታሚ ሲያትምልሽ በሙጫ አይጠረዝ። የድሬ ሙቀት ሙጫውን ያላቅቀዋል፣ በሁለት ወር ገጹ ይበተናል። መሀሉን በሽቦ ይምታው። ሽፋኑን ላሚኔት አስደርጊ፣ የውስጡ ግን ተራ ወረቀት ይበቃል። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ልጆቹ ራሳቸው ሥዕሉን ቀለም ይቀቡታል፣ ደስ ይላቸዋል።

መምህርት ከሳቢያን

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎት። ለሌሎቻችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። ይኼን ሁሉ መልስ አልጠበቅኩም ነበር።

ዛሬ ማታ ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። 30 መጽሐፍ ብቻ እገዛለሁ፣ የቀረውን በሦስት ቋንቋ አሳትማለሁ። ምንጣፉን አንዲት ወላጅ ከቤቷ እንደምታመጣ ነግራኛለች። ከ38 ሺህ ወደ 21 ሺህ ወረደ። ርዕሰ መምህሩ ጋ ነገ ጠዋት እገባለሁ፣ ዕቅዱ ላይ ያቺን አንድ መስመር እንዲያስገባልኝ። ንባቡንም መለካት ጀምሬያለሁ፣ ዛሬ ስድስት ልጆች አነበቡልኝ። አንዱ በደቂቃ አራት ቃል ነው ያነበበው፣ ግን አራተኛውን ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝና «ሌላ ላንብብ ቲቸር?» አለኝ።

ጁገል በር፣ እናንተ የምታስሞሉት ፎርም ካለ ላክልኝ። እዚህ ከእኔ ጋር የተመረቁ 11 መምህራን አሉ፣ በየትምህርት ቤቱ ተበትነዋል። እሁድ ከመካከላቸው አራቱን አገኛለሁ፣ አፎቻውን ከእነሱ ጋር ልጀምር ብዬ ነው።