የውሻ አያያዝ ሐሳባችን ለከተማው ከመግባቱ በፊት ረቂቁን እናስተካክል

ጸሐፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው የማህበራችን ስብሰባ የውሻው ጉዳይ ሰዓት አልበቃውም። እዚህ በጽሑፍ እንጨርሰው። ለጅማ ከተማ አስተዳደር የምናስገባው አንድ ወረቀት ስለሆነ ሁላችንም ያመንበት መሆን አለበት።

እስካሁን ረቂቁ የሚለው ይሄን ነው። ውሻ ያለው ሰው ቀበሌ ሄዶ ያስመዝግብ። በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትብ። ውሻው በገመድ ይያዝ። መንገድ ላይ ብቻውን የተገኘ ውሻ ይወገድ።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከስብሰባው የወጣች ናት። እኔ አልተስማማሁባትም። ግን ሐሳቤን ከመናገሬ በፊት እናንተን ልስማ።

ቡና ነጋዴው፦
ጸሐፊያችን እናመሰግናለን። በግልጽ ልናገር። እኔ ሁለት ውሾች አሉኝ። መኸር ሲደርስ ጀንፈል ቡና ግቢዬ ውስጥ ተሰጥቶ ያድራል። ዘበኛ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ውሻ ግን ኮሽ ሲል ይነሳል። ሌባውም ጅቡም የሚፈራው እሱን ነው።

ውሻዬ ንብረቴ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የንብረት መብት ሰጥቶኛል። ቀበሌ ግቢዬ ድረስ መጥቶ ውሻህን እሰር፣ ውሻህን ፍታ የሚለኝ ከሆነ አልቀበልም። ክትባቱን እደግፋለሁ። ገመዱን ግን አብራሩልኝ። ለቀን ነው ለሌሊት? ለግቢ ነው ለመንገድ? እንዲህ ተድበስብሶ ከገባ ነገ አንዱ ደንብ አስከባሪ በፈለገው መንገድ ይተረጉመዋል።

ጡረተኛው መምህር፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ትክክል ነው። ረቂቁ መንገድንና ግቢን ለይቶ መጻፍ አለበት። በግቢህ ውስጥ ጌታው አንተ ነህ። እዚያ ላይ ማህበሩ ምንም የሚለው የለም።

መንገዱ ግን የሁላችን ነው። አንቀጽ 40ን ካነሳህ አንቀጽ 32ንም አንብበው፤ የመዘዋወር ነፃነት ይላል። አንዲት ልጅ ውሻ ፈርታ ዳቦ ቤት ለመሄድ ሰፈሩን ከዞረች የእሷ ነፃነት ተነክቷል። ደግሞም ኃላፊነቱ አዲስ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ድንገት አመለጠኝ፣ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልገመትኩም ማለት አያድንም። ሕጉ ከተጻፈ ስንት ዘመኑ! የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ውሻው ከነከሰ በኋላ የማን እንደሆነ የሚናገር ሰው አይገኝም። ምዝገባ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሐጂ (ከመስጊዱ ጎን)፦
አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ለሱብሒ ስወጣ ገና ጨለማ ነው። ከበሩ እስከ መስጊዱ ያለችውን መንገድ በዱላ ነው የምሄዳት። ውዱእ አድርጌ ወጥቼ ውሻ ልብሴን በአፉ ከነካው ተመልሼ ማጠብ አለብኝ፣ ጀመዓው ያመልጠኛል። ኪዳን ለማድረስ የሚወጡት ክርስቲያን ጎረቤቶቼም በዚያው ሰዓት ያው ችግር አለባቸው። አንዳንዴ ተጠባብቀን አብረን እንወጣለን።

ግን ስሙኝ። ውሻ የአላህ ፍጡር ነው። የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘ ተምረናል። «ይወገድ» የሚለው ቃል መርዝ ማለት ከሆነ እኔ አልፈርምም። መርዙን የቀመሰ ውሻ በልጆች ፊት ሲንፈራገጥ ያየ ሰው ይሄን አይጽፍም።

የሦስት ልጆች እናት፦
ሐጂ እግዚአብሔር ያክብርዎት። እኔ ግን በዚያ ስብሰባ «ይወገድ» ካሉት አንዷ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ባቱን ነከሰው። የሰፈሩ ጎረምሶች ውሻውን እዚያው በድንጋይ ገደሉት፣ ጎትተውም ጣሉት። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሕክምና ስንሄድ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሻው የማን ነው? አሁን የት ነው?» የሚል ሆነ። መልስ አልነበረኝም። ክትባቱ ደግሞ የሄድንበት ቦታ አልቋል ተባልን። ከዚያ ወዲያ ብድር ለምኜ፣ ሰው አስቸግሬ ነው የተገኘው። ልጁ አሁን ደህና ነው፣ ተመስገን። ግን እስኪጨርስ ድረስ ውሃ ሲጠጣ ጉሮሮውን እያየሁ ነበር። የባለ ውሾቹ ነፃነት ሲነሳ ይሄም አብሮ ይነሳልኝ።

የእንስሳት ሐኪሟ፦
እህቴ፣ እንኳን ልጅሽ ተረፈ። ያነሳሽው ነገር የረቂቁ ዋና ጉዳይ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝም።

ሐኪሞቹ ውሻው የት እንዳለ የጠየቁሽ በምክንያት ነው። የነከሰ ውሻ ታስሮ 10 ቀን በደህና ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት የእብድ ውሻ በሽታን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። በ10 ቀን ውስጥ ከታመመ ወይም ከሞተ ደግሞ ጉዳዩ የሞት ሽረት ነው። የተጀመረ ክትባት እንዲቀጥል ወይም እንዲቆም የሚወሰነው በዚህ ጊዜ ነው። ክትባት ለመጀመር ግን 10 ቀን አይጠበቅም፤ ወዲያው ነው። ውሻውን በድንጋይ ስንገድለው ይሄን ማስረጃ አብረን እንቀብረዋለን። ባለቤቱ የሚታወቅ ውሻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ግቢው ውስጥ አስረን እናየው ነበር።

ሁለተኛ። የተነከሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። ወደ ባህል መድኃኒት አዋቂ የሚሄዱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። እዚያ የሚባክነው ጊዜ ነፍስ ይበላል፤ ምክንያቱም ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም። ልጆች ደግሞ አጭር ስለሆኑ ፊታቸውና ራሳቸው ላይ ይነከሳሉ፣ ቫይረሱም ወደ አንጎል የሚሄድበት መንገድ ያጥርለታል። ይሄ በረቂቁ ባይገባም ማህበሩ በየእድሩ ሊያስነግረው ይገባል።

አሁን ስለ መርዙ። መርዝ ከሥጋ ጋር ሲጣል የሚሞተው የበላው ሁሉ ነው፤ የተከተበው የጋሼ ቡና ነጋዴው ውሻ፣ ድመቱ፣ ጥንብ አንሳው ጭምር። ቆሻሻውና አጥንቱ ግን እዚያው ስላለ ከሌላ ሰፈር ያልተከተቡ ውሾች ይመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ሌላ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። ሜክሲኮ ለዓመታት ውሾቿን በጅምላ ከትባ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከውሻ በሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ሰው የማይሞትባት የመጀመሪያዋ አገር ተብላ ተመሰከረላት። ሕንፃና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ክትባት ውሻው 3 ወር ሲሞላው ይጀመራል፣ በየዓመቱ ይደገማል፣ በቃ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። «በገመድ ይያዝ» ሲባል ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ማሰር ይመስለዋል። እንደዚያ የታሰረ ውሻ ይከፋል። ሲያመልጥ ደግሞ ያገኘውን ይነክሳል። ግቢው አጥር ከሌለው ረጅም ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ወጥሩና የውሻው ገመድ በቀለበት ይንሸራተትበት። ይሮጣል፣ ግን መንገድ አይወጣም።

ቡና ነጋዴው፦
ዶክተር፣ የ10 ቀኑን ነገር አላውቅም ነበር። ምዝገባውን የማየው አሁን በሌላ ዓይን ነው። ለኔም ይጠቅመኛል፤ የሌላ ሰው ውሻ ነክሶ በኔ እንዳይሳበብ።

ሁለት ነገር ግን በጽሑፍ ይግባልኝ። ለምዝገባም ሆነ ለክትባት ማንም ሰው ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ግቢ አይገባም። አጥሩ ከተዘጋ ደግሞ ውሻ ሌሊት ተፈትቶ ማደር ይችላል።

ባጃጅ ሾፌሩ፦
ይሄ ተገቢ ነው። እኔ ግን ስለ አጥንቱ ልጨምር። ማታ ከሄርማታ መርካቶ ወደ አጂፕ ስመላለስ ውሻ ተሰብስቦ የማየው የት ነው? ሥጋ ቤቶች አጥንትና ትርፍራፊ የሚጥሉበት ቦታ ላይ ነው። አዌቱ ወንዝ ዳር ቆሻሻ የሚደፋበትም እንደዚያው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ድንገት መሀል መንገድ ሲገቡ እነሱን ላድን ብዬ ስጠመዝዝ ተሳፋሪ ልገለብጥ ነው። ባለ ሥጋ ቤቶቹ ተረፈ ምርታቸውን ክዳን ባለው ነገር ይያዙ የሚል ይግባ። ባለ ውሻውን ብቻ መቅጣት ፍትሕ አይደለም።

የጉልት ነጋዴዋ፦
እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ በር ላይ የምታድር ውሻ አለች። የኔ አይደለችም። እንጀራ ፍርፋሪ እሰጣታለሁ፣ ጎረቤቴ ውሃ ይሰጣታል፣ ሌሊት ለሰፈሩ ሁሉ ትጮኻለች። ማን ያስመዝግባት? በስሜ ላስመዝግባት ብል ብትነክስ እኔ ልከሰስ ነው። አላስመዝግባትም ብል ልትወገድ ነው። ክፍያ ካለበት ደግሞ እንደኔ ያለው ሰው ውሻውን ከቤት ያባርራል እንጂ አይከፍልም።

የእንስሳት ሐኪሟ፦
እትዬ፣ ይሄን ማንሳትዎ ትልቅ ነገር ነው። ከተማችን ውስጥ እንደሷ ያሉት ብዙ ናቸው። እነሱን ካልከተብን 70 በመቶ አንደርስም። ምዝገባው ክፍያ ካለው ያልተመዘገበ ውሻ ይበዛል፣ መንገድ ላይ የሚጣለውም ይጨምራል። የሰፈር ውሻ በእድር ስም ይመዝገብ ብዬ ሐሳብ አቀርባለሁ። እድሩ ለክትባት ያቀርባታል፤ እንዳትወልድ ማስመከንም ይቻላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ የምትችል ውሻ ናት፤ ቡችሎቹን ማን ይይዛቸዋል?

ተማሪው፦
አንድ ቀላል ነገር ልጠቁም። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ውሻ ከቤት ሲወጣ አንገቱ ላይ የባለቤቱ ስምና አድራሻ ሊኖር ግድ ነው። እኛ ስም ባንጽፍ እንኳ ለተከተበ ውሻ ሁሉ የዓመቱን ቀለም የያዘ የአንገት ማሰሪያ ብናደርግስ? ሐጂ በጨለማ ባያዩትም በቀን የተከተበውና ያልተከተበው ይለያል።

ክትባቱን ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች እንዲያግዙን እንጠይቅ። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ነው፣ ከመስቀል ማግስት። ሰውም ከበዓሉ ወጥቶ ቤቱ ነው፣ ዝናቡም ቀነስ ይላል።

ጡረተኛው መምህር፦
ጎበዝ። ቀኑም ምክንያቱም ጥሩ ነው። አሁን የቀረን ቅጣቱ ነው። እኔ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፣ ሲደገም መቀጮ ባይ ነኝ።

የሦስት ልጆች እናት፦
መምህር፣ በዚህስ አልስማማም። ውሻው ልጅ ነክሶ ሳለ ማስጠንቀቂያ ምን ይሠራል? እኔ እኮ የተበደርኩት በማስጠንቀቂያ አይከፈልም።

ጸሐፊው፦
ሁለቱን እንለያቸው። ውሻ ያለ ገመድ መንገድ ላይ መገኘቱ አንድ ጥፋት ነው፤ ለሱ የመምህሩ ሐሳብ ይሠራል። ሰው ሲነክስ ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ የሕክምናውንና የመጓጓዣውን ወጪ ወዲያው ይክፈል፣ ውሻውንም 10 ቀን አስሮ ያሳይ። ውሻውን ገድሎ ወይም ደብቆ የተገኘ ሰው ይጠየቅ። ሕጉም ከዚህ ጋር አይጣላም።

«ይወገድ» የምትለዋን አውጥቻታለሁ። በሷ ምትክ የገባው ይሄ ነው። መንገድ ላይ ብቻውን የተገኘ ውሻ ባለቤቱ ይፈለጋል። ባለቤት ካልተገኘለት ይከተባል፣ ምልክት ይደረግለታል፣ በሚያድርበት ሰፈር እድር ስም ይመዘገባል። መርዝ በከተማው መንገዶች ላይ እንዳይጣል በግልጽ እንጠይቃለን። የበሽታ ምልክት ያሳየ ውሻ ብቻ በእንስሳት ሐኪም ውሳኔ ይገደላል። እህቴ፣ በዚህ ትስማሚያለሽ?

የሦስት ልጆች እናት፦
ወጪውና 10 ቀኑ ከገባ እስማማለሁ።

ቡና ነጋዴው፦
የግቢው ነገር ገብቷል?

ጸሐፊው፦
ገብቷል። ያለ ፈቃድ ግቢ አይገባም፤ አጥሩ በተዘጋ ግቢ ውስጥ የውሻው አያያዝ የባለቤቱ ነው። ምዝገባው በነፃ ነው። የሥጋ ቤቱም አንቀጽ ገብቷል።

ከተማው የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ሰነዱ በሁለቱም ቋንቋ ይቅረብ። ማን ያግዘኛል?

ሐጂ (ከመስጊዱ ጎን)፦
አፋን ኦሮሞውን እኔና ልጄ እንሠራዋለን። ዶክተሯ ግን የሕክምናውን ክፍል ትይልን።

የእንስሳት ሐኪሟ፦
በደስታ ሐጂ። አንድ ነገር ተረስቷል፤ የአፍ መሸፈኛ። ለሁሉም ውሻ አያስፈልግም። ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ግን ከገመድ በተጨማሪ አፉ ተሸፍኖ ይውጣ።

የሦስት ልጆች እናት፦
እኔም አንድ አለኝ። ለሰው የሚሰጠው ክትባት ሁልጊዜ በጤና ተቋማቱ እንዲገኝ የሚጠይቅ ለብቻው አንቀጽ ይኑረን። ውሻው ሁሉ ተከትቦ እስኪያልቅ ልጆች መነከሳቸው አይቀርም። ይሄን አንቀጽ ሲያስገቡ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ቢጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ጸሐፊው፦
ሁለቱም ይገባሉ። የሰው ክትባቱን ከላይ፣ ከውሻ ምዝገባው በፊት አደርገዋለሁ። የተስተካከለውን ነገ ማታ እለጥፋለሁ። ማሻሻያ ያላችሁ እስከ ረቡዕ ጻፉ፣ ሐሙስ ጠዋት እናስገባለን።