የኳየራችን 30ኛ ዓመት፦ የድሮ መዝሙሮቹን ድምፆች እንዴት እናግኝ?

የአልቶ ልጅ

ሰላም ቅዱሳን፣ ጸጋ ይብዛላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት አጥቢያ ኳየር አልቶ፣ ማለትም ዝቅ ያለውን የሴቶች ድምፅ፣ እዘምራለሁ፤ ጸሐፊም ነኝ። ኳየሩ የተጀመረው በ1988 ስለሆነ ዘንድሮ 30 ዓመት ሞላው። ሽማግሌዎቹ ዓመቱን ሙሉ አክብሩት ብለውናል። ሦስት ኮንሰርት አስበናል፤ አንዱ ለድሮ መዝሙሮች፣ አንዱ ለአሁኖቹ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከቀድሞ አባላት ጋር አብረን የምንዘምርበት።

የከበደን የመጀመሪያው ነው። የድሮዎቹ መዝሙሮች በኖታ አልተጻፉም፤ ሁሉም በጆሮ ነው የተጠኑት። ያለን ሁለት ካሴት ብቻ ነው። ሶፕራኖው፣ ከፍ ያለው የሴቶች ድምፅ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ቤዙን፣ ዝቅ ያለውን የወንዶች ድምፅ፣ ኪቦርዱ ውጦታል። አልቶና ቴነር (ከፍ ያለው የወንዶች ድምፅ) የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ከአሁኖቹ አባላት አብዛኞቹ መዝሙሮቹ ሲወጡ ገና አልተወለዱም። ኪቦርዲስታችን አዲስ አሬንጅመንት (የድምፆች አቀነባበር) ልሥራላቸው ይላል። እኔ ግን እናቴና ጓደኞቿ የዘመሩትን አልቶ ነው የምፈልገው። ምን ትመክሩናላችሁ? ወቅቱስ መቼ ይሻላል?

የድሮ ቤዝ

እህቴ ተባረኪ። እባካችሁ ለአዲስ አሬንጅመንት አትቸኩሉ። ካሴቱ ላይ ያልተሰማው ድምፅ ሰዎቹ ጋ አለ። አዳራሽ ከመያዛችሁም፣ ጋውን ከማሰፋታችሁም በፊት ሰዎቹን ፈልጉ። አንዳንዶቹ አርጅተዋል፣ አንዳንዶቹ አገር ቀይረዋል።

እኛ ያደግነው የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን ሀ መዘምራንን ካሴት እየሰማን ነው። በደርግ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ስለነበር መዝሙር በካሴት ተገልብጦ ነበር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው። በጆሮ መያዝን የለመድነው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ የተጀመሩት ኳየሮችም እንደዚሁ ቀጠሉ። ስለዚህ ወረቀት ባታገኙ አይግረማችሁ።

አሁን ዋናው ነገር። አንዲትን የድሮ አልቶ ብቻሽን ዘምሪልን ብትያት መስመሩ ይጠፋባታል። አጠገቧ ሶፕራኖውን የሚይዝላት ሰው አስቀምጪ። ያኔ አፏ ራሱ ይሄዳል። ሁለት አልቶዎች ከተገኙ ደግሞ በጣም ጥሩ፤ አንዷ የሳተችውን ሌላዋ ታቃናለች። ስልኩን ሶፕራኖው አፍ ላይ ሳይሆን አልቶዋ አፍ አጠገብ አድርጉት።

የእኛ ኳየር በዓሉን ሲያከብር አንድ ቴነር ጠፍቶብን ነበር። መርካቶ የቆርቆሮ ሱቅ እንዳለው ሰማንና እዚያው ሄድን። ደንበኛ ሲመጣ ያቋርጣል፤ ሸጦ፣ ሒሳብ ተቀብሎ፣ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። ሁለተኛው አዝማች ላይ ሶፕራኖው ድምፁን ይዞ ሲቆም ቴነሩ ከላ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ሚ ይወርዳል። ካሴቱ ላይ ይህ ጭራሽ አይሰማም። መዝሙሩን መዝሙር የሚያደርገው ግን እሱ ነው። የትኛውም አዲስ አሬንጅመንት አይተካውም።

ያገኛችሁትን ሁሉ ወዲያው በዶ ሬ ሚ ጻፉት። አምስት መስመር ኖታ የሚያነብ ባይኖርም ዶ ሬ ሚን ወጣቶቹ ቶሎ ይለምዱታል። በደቡብ አፍሪካ ትልልቅ ኳየሮች ሳይቀሩ እስከ ዛሬ የሚዘምሩት በዚሁ ነው።

ለኪቦርዲስታችሁ አንድ ነገር ንገሪልኝ። መዝሙሩ ሜጀር ትዝታ ከሆነ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው። ፋ እና ቲ የሉበትም። ከፈረንጅ መዝሙር የለመደውን የሶል ኮርድ (ሶል፣ ቲ እና ሬ አንድ ላይ) ሙሉውን ሲጫን ቲ ትገባለች፤ የአልቶዋም ጆሮ ይደናገራል። እዚያ ቦታ ላይ ሶልና ሬን ብቻ ይያዝ። ይበቃል።

ኪይ፣ ማለትም መዝሙሩ የሚዘመርበትን ከፍታ፣ ለማግኘት ካሴቱን አትመኑት። ቴፑ ከፈጠነ ድምፁ ከፍ ይላል፤ ከዘገየ ይወርዳል። ግማሽ ድምፅ፣ ማለትም ጥቁሮቹን ጨምሮ በኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ያህል፣ መዛነፍ የተለመደ ነው።

ስለ ወቅቱ፣ ጥርን ተዉት። ኳየራችሁ እንደኛ ከሆነ ቅዳሜና እሁድን ሰርግ ይበላዋል። ከፋሲካ በኋላም ያው ነው። ሐምሌና ነሐሴን አታስቡት፤ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አልቶ አይደለም ትራምፔትም አይሰማ። ኅዳር፣ የካቲት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። የድሮዎቹን መዝሙሮች ግን መጀመሪያ ላይ አታድርጓቸው። ሰው ፍለጋው ጊዜ ይፈልጋል፤ ኅዳርን ለአሁኖቹ ስጡት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለሁ

የቀድሞ አባል ነኝ፣ የሌላ ኳየር፤ አሁን አሜሪካ ነኝ። ውጭ ያለነውን አትርሱን። በቪዲዮ አብረን እንዘምር ብላችሁ ግን አትድከሙ፤ ድምፁ ስለሚዘገይ ማንም ከማንም ጋር አይገጥምም። ይልቅ ኪቦርዱንና ሶፕራኖውን ቀድታችሁ በቴሌግራም ላኩ። እኛ በጆሮ ማዳመጫ እየሰማን የራሳችንን ድምፅ ብቻ ቀድተን እንመልሳለን። እኛ ባለፈው ፋሲካ እንዲህ አድርገን ቤዙን ሙሉ በሙሉ አግኝተናል። ለመደወል ደግሞ የእናንተ ምሽት ይሻላል። እንደ ወቅቱ በሰባት ወይም በስምንት ሰዓት ስለምትቀድሙን ያኔ እኛ ጋ ቀን ነው።

ሕግ የተማርኩ ቴነር

ኮንሰርቱን ቀድታችሁ ዩቲዩብ ላይ የምትጭኑ ከሆነ ግጥምና ዜማ የደረሱትን አስቀድማችሁ አስፈርሙ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ ደራሲው በሕይወት እያለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ኳየሩ ስለዘመረው ብቻ የኳየሩ አይሆንም። የመዝሙር ነገር ስለሆነ ሰው ሲጠየቅ ደስ ብሎት ነው የሚፈቅደው፤ ሳይጠየቅ ሲቀር ግን ያዝናል።

የአልቶ ልጅ

ሁላችሁም ተባረኩ። ለኪቦርዲስታችን አነበብኩለት፤ የቲዋን ነገር ሲሰማ ወዲያው ኪቦርዱን ከፍቶ ሞከረው፣ ተስማማ። እናቴም የሦስት አልቶዎችን ስልክ ሰጥታኛለች። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ የድሮዎቹ እናቶች አብረውን ሲዘምሩ ያንን የሶፕራኖ ከፍታ ይደርሱበታል?

የድሮ ቤዝ

ብዙዎቹ አይደርሱበትም፤ ድምፅ በዕድሜ ይወርዳል። ለመጨረሻው ኮንሰርት ሁሉንም መዝሙር በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጉት። ከዚያም የሚከብዳቸውን እናቶች ከአልቶዎቹ ጎን አቁሟቸው። ዝቅ ያደረጋችሁትን ቤዞቻችሁ ቀድመው ይሞክሩት፤ ከታች የሚጠፋባቸው ካለ ግማሽ ድምፅ መልሱት።