የዊንዶውስ ሼርድ ፎልደር ከማክና ከኡቡንቱ አልከፈት አለኝ

ጠያቂ፦ ማተሚያ ቤት
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችን። ሥራው ሁሉ የሚቀመጠው ዊንዶውስ 11 ባለው አንድ ኮምፒውተር ላይ ነው። ዲዛይነራችን ማክ ትጠቀማለች። እኔ ኡቡንቱ የጫንኩበት አሮጌ ላፕቶፕ አለኝ። ፎልደሩን ሼር አድርጌዋለሁ፤ ስንገባ ግን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ዊንዶውሱን የምከፍትባትን አራት ቁጥር አስገባለሁ፣ መልሶ ይጠይቀኛል። እስከዚያ በፍላሽ እየተመላለስን ነው። ትናንት ቀኑ ያልታረመውን የሠርግ ካርድ አትመን 200 ካርድ ከሰርን።

ቶሎ ቶሎ፦
ኤስኤምቢ 1ን፣ የድሮውን የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ መንገድ፣ አብራው። እኔ ጋ በሱ ነው የሠራው።

ኬብል ጎታች፦
ወንድሜ፣ እሷን እንዳትነካት! በ2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ የተዛመተው በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ነው። ማክም ኡቡንቱም አዲሶቹን፣ 2 እና 3ን፣ ይችላሉ።

ችግርህ አራቷ ቁጥር ናት። እሷ ፒን ናት፤ የምትሠራው እዚያው ኮምፒውተር ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። በኔትወርክ ለሚመጣ ሰው ዊንዶውስ የሚጠይቀው የአካውንቱን ፓስወርድ ነው። ብዙ ሰው ፒን ከለመደ በኋላ ያንን ፓስወርድ ጨርሶ ረስቶታል።

እኔ የማደርገው ይህን ነው። ሴቲንግስ፣ አካውንትስ፣ አዘር ዩዘርስ ግባና ያለ ማይክሮሶፍት አካውንት አንድ አዲስ ዩዘር ክፈት። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አጭር ይሁን፤ ፓስወርድ ስጠው። ከዚያ በፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሼሪንግም ሴኪዩሪቲም ላይ ፍቀድለት። አንዱ ጋ ፈቅደህ ሌላውን ከረሳህ የሚያሸንፈው ጥብቁ ነው።

ፋይንደር፦
ለዲዛይነሯ፦ ኮማንድና ኬ ተጫኚ። በእንግሊዝኛ ፊደል ኤስኤምቢ፣ ከዚያ ኮሎንና ሁለት ስላሽ፣ ቀጥሎ የዊንዶውሱን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሩን) ጻፊ። ጌስት ሳይሆን ሬጂስተርድ ዩዘር የሚለውን ምረጪ። አሁንም እምቢ ካለ ኪይቼይን (የማኩ ፓስወርድ ማስቀመጫ) ውስጥ የድሮው ፓስወርድ ተቀምጦ ይሆናል፣ አጥፊው።

ማተሚያ ቤት፦
ማኩ ከፈተ! እጃችሁ ይባረክ። ኡቡንቱው ግን ሰርቨሩን አላገኘሁም ይላል። የኮምፒውተሩን ስም ነው የምጽፍለት።

ኬብል ጎታች፦
በስሙ ሳይሆን በአይፒው ሞክር፣ ልክ እንደ ማኩ። ላፕቶፑ የእንግዳ ዋይፋይ ላይ እንዳልሆነም እይ፤ እዚያ ላይ መሣሪያዎች እንዳይተያዩ ሊዘጋ ይችላል። ሌላው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ሌላ አይፒ ሊሰጥ ይችላል። ራውተሩ ውስጥ ገብተህ ለዊንዶውሱ አንድ ቋሚ አይፒ ያዝለት። አለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር እዚህ መምጣትህ ነው።

ማተሚያ ቤት፦
እውነትም የእንግዳው ላይ ነበርኩ! አሁን ሁሉም ይገባል። አንድ ፋይል ብቻ ከኡቡንቱ አልገለበጥ አለኝ፤ ስሙ "ካርድ ታረመ?" ይላል።

ፋይንደር፦
ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ የፈረንጁን ጥያቄ ምልክት አይቀበልም። የእኛን ፧ ግን ይቀበላል። ለመሆኑ ካርዱ ታረመ፧