ማኅበራዊ ጭንቀትን በንግግር ሕክምና የሚያክም ባለሙያ ፍለጋ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አራት ኪሎ ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ ቢሮ ሒሳብ እሠራለሁ። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር፣ ሰው እያየኝ መብላትና መፈረም ያስጨንቀኛል። ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፄ ይጠፋል። ለቅሶ ቤት በር ድረስ ሄጄ ሳልገባ እመለሳለሁ። ለቅሶ የቀረ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚታይ ታውቃላችሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚያመኝ እሱ ነው። ጎረቤቶቼ ኩራት ይመስላቸዋል።

ሳይካትሪስት አይቶኝ ማኅበራዊ ጭንቀት መሆኑን ነግሮኛል። ሰርትራሊን የሚባል የጭንቀት መድኃኒት 50 ሚሊግራም በየቀኑ እወስዳለሁ። ከሳምንታት በኋላ ፍርሃቱ ትንሽ ረገብ አለ፣ ሰው መሸሼ ግን አልቀረም። ስብሰባ ሲኖር እንድወስደው የታዘዘልኝ ፕሮፕራኖሎል የእጄን መንቀጥቀጥ ይይዝልኛል እንጂ «ምን ይሉኝ ይሆን» የሚለውን ሐሳብ አያቆመውም። መድኃኒቱን ሳላቋርጥ ጠበልም ተጠምቄአለሁ፤ መንፈሴን አረጋግቶልኛል። አንድ የግል ማማከሪያ ሞክሬ «በራስሽ ተማመኚ» ከሚል ምክር ያለፈ አላገኘሁም።

ሐኪሜ ከመድኃኒቱ ጎን ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ እንድጀምር መክሮኛል። የሚፈሩትን ነገር ከቀላሉ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ መለማመድን የሚያካትት የንግግር ሕክምና ነው፤ እኔም የጎደለኝ ይኸው ይመስለኛል። የሚመቸኝ ከ11 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ነው። ስልክ መደወል ስለሚከብደኝ ቀጠሮ በቴሌግራም የሚይዝ ቢሆን ደስ ይለኛል።

ከፒያሳ እስከ ስታዲየም ባለው አካባቢ ይህን ልምምድ በአማርኛ የሚያሠራ፣ እናንተ ወይም የቅርብ ሰው ታክማችሁበት ለውጥ ያያችሁበት ባለሙያ ማን ነው?