ጎረቤት የሚፈታቸው ግድያዎች፦ የመንደር ምስጢር ልቦለዶችን ለሚፈልግ አንባቢ

የወንጀል ልቦለድ የሚወድ፣ ነገር ግን የደም መፋሰስ ዝርዝርና የጭካኔ ትረካ የሚሰለቸው አንባቢ የሚያርፍበት አንድ ዘርፍ አለ፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት ትንሽ መንደር፣ ገዳም ወይም የጡረተኞች መኖሪያ ውስጥ ሰው ይገደላል፣ ፖሊስ ይመጣል፣ እውነቱ ላይ የሚደርሰው ግን ምርመራ ሙያው ያልሆነ የሰፈር ሰው ነው። በዚህ ዘርፍ የተጻፉት መጻሕፍት ስፍር ቁጥር የላቸውም፤ አብዛኞቹ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ሲሆኑ በእርግጥ የላቁት ጥቂት ናቸው። ከዚህ በታች የማቀርበው ጥቆማ የትኛው መጽሐፍ ለምን ዓይነት አንባቢ እንደሚስማማ ለመለየት የሚረዳ ሲሆን፣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጻሕፍቱን የምመዝንበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ተራ ሰው የሚያውቀውን ነገር ከየት አወቀው? ፖሊስ የብርበራ ፈቃድ አለው፣ አሻራ ያነሣል፣ ሰው ጠርቶ ቃል ይቀበላል። ጎረቤት ይህ ሁሉ የለውም፤ ያለው ሻይ ላይ የሚሰማው ወሬ፣ አጥር ተሻግሮ የሚያየው እንቅስቃሴና ለዓመታት ያጠራቀመው የሰው ጠባይ ዕውቀት ነው። ደራሲው ይህን የመረጃ መንገድ በጥንቃቄ ከሠራው ልቦለዱ በእግሩ ይቆማል፤ ካልሠራው ግን መርማሪው በየምዕራፉ መስኮት ሥር ተገኝቶ ምስጢር የሚሰማ ዕድለኛ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለጀማሪ ያለ ማመንታት የምጠቁመው የአጋታ ክሪስቲን «ኤ መርደር ኢዝ አናውንስድ» ነው። በ1950 የታተመው ይህ ልቦለድ የሚጀምረው ቺፒንግ ክሌግሆርን በምትባል የእንግሊዝ መንደር ሳምንታዊው የአካባቢ ጋዜጣ ማለዳ ለየቤቱ ሲደርስ ነው። ከተራዎቹ ማስታወቂያዎች መካከል አንድ እንግዳ ጥሪ ይገኛል፤ በዚያው ዕለት፣ ኦክቶበር 29 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሊትል ፓዶክስ በተባለው ቤት ግድያ እንደሚፈጸም ለወዳጆች ያስታውቃል። ጎረቤቶቹ ነገሩን የእንግዳ መቀበያ ጨዋታ አድርገው ይወስዱታል፤ ሆኖም «ግድያውን ልናይ መጣን» ማለት ስለሚያሳፍር እያንዳንዳቸው አንዳች ሰበብ ይዘው ብቅ ይላሉ፤ የቤቱ ማሞቂያ መሥራት መጀመሩን አስተውለው ተራ በተራ ያንኑ አስተያየት ሲሰጡ፣ ወጉ ባዶ መሆኑንና የሁሉም ልብ ሰዓቱ ላይ መሰቀሉን አንባቢው ያያል። ከዚያም ሰዓቱ ይደውላል፣ መብራት ይጠፋል፣ በሩ ይበረገዳል፣ የባትሪ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይበራል፣ ጥይት ይተኮሳል።

ይህን መጽሐፍ ከሌሎቹ የማስቀድመው ግን ለአጀማመሩ ብቻ አይደለም። ታሪኩ የተዘረጋው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ምግብ በራሽን ካርድ በሚታደልበት፣ ጎረቤታሞች ቅቤና አትክልት በድብቅ በሚለዋወጡበት ጊዜ ነው። በብዙዎቹ የክሪስቲ መጻሕፍት ምስጢር የሚፈቱት የመንደር አሮጊት፣ ሚስ ማርፕል፣ እንደሚያስረዱት፣ ቀደም ባለው ዘመን ወደ መንደር የሚመጣ አዲስ ነዋሪ ከየት እንደመጣና የማን ዘመድ እንደሆነ የሚመሰክርለት ሰው አይጠፋም ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ግን ስለ ጎረቤት የሚታወቀው ጎረቤቱ ስለ ራሱ የተናገረው ብቻ ሆኗል። የምስጢሩ ቋጠሮ በሙሉ የታሰረው እዚህ ላይ ነው። «የማን ልጅ ነህ?» ከሚል ጥያቄ የማያመልጡበት ሰፈር ያደገ፣ ኋላም ማንም ማንንም ወደማያውቅበት ከተማ የተሰደደ ሐበሻ አንባቢ ይህን ስጋት ለመረዳት ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለኝም። ድክመቱ በመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች የሚተዋወቁት ሰዎች መብዛታቸው ነው፤ ስማቸውን በቁራጭ ወረቀት ላይ እየጻፉ ማንበብ ይጠቅማል።

ብዙ ሰው በሚስ ማርፕል የመጀመሪያ ልቦለድ፣ በ1930 በታተመው «ዘ መርደር አት ዘ ቪካሬጅ» መጀመር እንዳለበት ያስባል፤ እኔ አልስማማም። ተራኪው የአጥቢያው ቄስ በመሆናቸው፣ ሬሳውም የተገኘው በእርሳቸው የንባብ ክፍል በመሆኑ ቀልዱ የሚጥም ቢሆንም፣ አሮጊቷ በዚህ መጽሐፍ ገና ከሰፈር ወሬኛነት ብዙም አልራቁም። ከዚያ ይልቅ በ1942 የወጣው «ዘ ሙቪንግ ፊንገር» ሁለተኛ ቢነበብ ይሻላል፤ ሊምስቶክ በምትባል ትንሽ ከተማ ስም የሌላቸው የስድብ ደብዳቤዎች ለየቤቱ ይላካሉ፣ ሰው ሁሉ «እሳት በሌለበት ጭስ የለም» እያለ ጎረቤቱን በጎሪጥ ማየት ይጀምራል። ሚስ ማርፕል የሚታዩት ታሪኩ ወደ ማለቁ ሲጠጋ ስለሆነ ለእርሳቸው ብሎ የገዛ ሰው ቅር ሊለው ይችላል፤ ጥርጣሬ አንድን ማኅበረሰብ እንዴት እንደሚበላው ለማየት ግን በዘርፉ ውስጥ ከዚህ የበለጠ አላነበብሁም። በታክሲ ሰልፍና በጉዞ ላይ ለሚያነብ ሰው ደግሞ የ1932ቱ «ዘ ሰርቲን ፕሮብሌምስ» አለ፤ አጫጭር ታሪኮች ስለሆኑ አንዱን በአንድ መቀመጫ መጨረስ ይቻላል።

የሃይማኖት ሰው መርማሪ የሚሆንባቸውን መጻሕፍት የሚፈልግ አንባቢ ሦስት ጥሩ አማራጮች ሲኖሩት፣ ሦስቱም በጣም የተለያዩ ናቸው።

የመጀመሪያው የጂ. ኬ. ቼስተርተን አባ ብራውን ነው። በ1911 የታተመው «ዚ ኢኖሰንስ ኦፍ ፋዘር ብራውን» አሥራ ሁለት አጫጭር ታሪኮችን ይዟል። አጭሩና ክብ ፊት ያላቸው የካቶሊክ ቄስ ክፋትን የሚያውቁበት መንገድ ለእኛ አንባቢ በጣም ቅርብ ነው፤ ዕድሜ ልኩን የሰው ኃጢአት ሲሰማ የኖረ የነፍስ አባት ስለ ክፋት የማያውቀው ምን ሊኖር ይችላል? «ዘ ሃመር ኦፍ ጎድ» የተባለው ታሪክ መንደርን፣ ቤተ ክርስቲያንን፣ አንጥረኛንና አንዲት ትንሽ መዶሻን ይዞ የሚሄድበት መንገድ እስከ ዛሬ ይደንቃል። ይሁን እንጂ የቼስተርተን እንግሊዝኛ ጠመዝማዛ ነው፤ የሰማዩን ቀለም ሲገልጽ ገጽ ይፈጃል፣ አንዳንድ ጊዜም ምስጢሩን ከመፍታት ይልቅ መስበክ ያምረዋል።

ሁለተኛው የሃሪ ኬመልማን «ፍራይዴይ ዘ ራባይ ስሌፕት ሌት» ሲሆን በ1964 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካ የምስጢር ጸሐፊዎች ማኅበር ለመጀመሪያ ልቦለድ የሚሰጠውን የኤድጋር ሽልማት አግኝቷል። ታሪኩ የሚካሄደው በማሳቹሴትስ ባርናርድስ ክሮሲንግ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ባለች ትንሽ የአይሁድ ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ወጣቱ ረቢ ዴቪድ ስሞል ገና በመግቢያው በተዋሱት መኪና መበላሸት የተጣሉ ሁለት የምኩራቡን አባላት በታልሙድ (የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ) ሥርዓት ያከራክራሉ፤ ያ የክርክር ስልት ነው ኋላ ግድያውን የሚፈታው። በዚህ ላይ የምኩራቡ ኮሚቴ የረቢውን ውል ያድስ ወይስ አያድስ እያለ በውስጥ ለውስጥ ይናቆራል፣ የሟቿ ቦርሳ በረቢው መኪና ውስጥ ይገኛል። የደብር ሰበካ ጉባኤ ወይም የዕድር ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው በየገጹ የሚያውቀውን ፊት ያገኛል። ቋንቋው ቀላል ነው፤ ስለ ሴቶች ያለው አመለካከት ግን የዘመኑ እስረኛ መሆኑ ይታወቃል። ከሦስቱ የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

ሦስተኛው ኤዲት ፓርጀተር «ኤሊስ ፒተርስ» በሚል የብዕር ስም የጻፈችው የመነኩሴው ካድፌል ተከታታይ ሲሆን ከ1977 እስከ 1994 ሃያ ልቦለዶች ወጥተውታል። ካድፌል በወጣትነታቸው የመስቀል ጦረኛና መርከበኛ የነበሩ፣ አሁን ግን በእንግሊዝ በሽሩስበሪ ገዳም ዕፀዋት እያበቀሉ መድኃኒት የሚቀምሙ አባት ናቸው፤ መርዝን ከመድኃኒት፣ የጦር ቁስልን ከነፍሰ ገዳይ ቁስል የሚለዩት ከዚህ የተነሣ ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ «ኤ ሞርቢድ ቴስት ፎር ቦንስ»፣ የገዳሙ አለቆች የአንዲት ቅድስት ዐፅም ከዌልስ መንደር አፍልሰው ለማምጣት ይነሣሉ፣ መንደርተኛው አላስነካም ይላል፣ ተቃዋሚው ተገድሎ ይገኛል። ከሁለተኛው መጽሐፍ፣ «ዋን ኮርፕስ ቱ ሜኒ»፣ የማልረሳው ግን አንድ ቆጠራ ነው፤ የእንግሊዙ ንጉሥ እስጢፋኖስ በ1138 የሽሩስበሪን ግንብ ከያዘ በኋላ 94 ተከላካዮችን ያስገድላል፣ ካድፌል ሬሳዎቹን ለቀብር ሊያዘጋጁ ይገባሉ፣ ሲቆጥሩ 95 ያገኛሉ። ብዙ ሬሳ በተከመረበት አንድ ሬሳ መደበቅ ቀላል ነው ብሎ ያሰበው ሰው ማነው? ገዳማዊ ሕይወትን ለሚወድ አንባቢ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም፤ የድሮ ቃላት ስለሚበዙ መዝገበ ቃላት ግን አጠገብ ይኑር።

እንቆቅልሽ ሳይሆን ሰው የሚፈልግ አንባቢ ወደ ቦትስዋና ይሂድ። የአሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ «ዘ ነምበር ዋን ሌዲስ ዲቴክቲቭ ኤጀንሲ» በ1998 የታተመ ሲሆን፣ ወይዘሮ ፕሬሽየስ ራሞትስዌ ከአባታቸው የወረሱትን ከብት ሸጠው በጋቦሮኒ የምርመራ ቢሮ ይከፍታሉ። ክፍያ ስለሚቀበሉ በጥብቅ ሲታይ አማተር አይደሉም፤ ሥልጠናቸው ግን አንድ የመመሪያ መጽሐፍና የሰው ዕውቀት ብቻ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ጉዳዮቻቸው በአንዱ፣ ከዓመታት በኋላ ድንገት መጥቶ «አባትሽ ነኝ» በማለት በአንዲት ሴት ቤት ተደላድሎ የተቀመጠ ሰው አለ፤ ወይዘሮዋ የነርስ ልብስ ለብሰው ይሄዱና ልጁ አደጋ እንደደረሰባት፣ የእርሱ ደም እንደሚያስፈልጋት፣ ደሙን ሲሰጥ ሊሞት እንደሚችልም ይነግሩታል። የሰሎሞንን ፍርድ የሚያውቅ ሰው መልሱን ይገምታል። ግድያ እምብዛም የለበትም፣ ጥድፊያም የለበትም፤ ውጥረት የሚፈልግ ሰው ያንቀላፋበታል።

ሰሞኑን በብዛት የሚነሣው የሪቻርድ ኦስማን «ዘ ተርስዴይ መርደር ክለብ» (2020) ሲሆን በ2025 ፊልም ሆኖ ኔትፍሊክስ ላይ ቀርቧል። በኬንት ባለ የጡረተኞች መኖሪያ አራት አዛውንት በየሐሙሱ ተሰብስበው ያልተፈቱ የግድያ መዝገቦችን ይመረምራሉ፤ ማንም እንዳይረብሻቸው ክፍሉን የሚያስይዙት «ስለ ጃፓን ኦፔራ ውይይት» በሚል ርእስ ነው። ቀልዱ እውነተኛ ነው፣ ከአራቱ የአንዷ፣ የጆይስ፣ ማስታወሻዎችም እያሳቁ ልብ ይነካሉ። ነገር ግን በእኔ መለኪያ ጎደሎ አለበት፤ ሌላዋ አባል ኤልዛቤት የቀድሞ ሰላይ ስለሆነች፣ ታሪኩ በተቆለፈ ቁጥር ለአንድ የድሮ ባልደረባ ስልክ ደውላ ትከፍተዋለች። በማሞ ውድነህ ትርጉሞች የስለላ ታሪክ የለመደ አንባቢ ይህን እንደ ጉድለት ላያየው ይችላል፤ ጎረቤት በጎረቤትነቱ ብቻ ምስጢር ሲፈታ ማየት ለሚፈልግ ግን እንደ ማጭበርበር ነው።

የኤም. ሲ. ቢተን አጋታ ሬዚን ተከታታይ ብዙ ወዳጆች አሉት። የ1992ቱ የመጀመሪያ መጽሐፍ መነሻ አስቂኝ ነው፤ ከለንደን ጡረታ ወጥታ ወደ ገጠር የገባችው ሴት ለመንደሩ የምግብ ውድድር ከሱቅ የገዛችውን የእንቁላል ጋገራ የራሷ አስመስላ ታቀርባለች፣ ዳኛውም በልቶት ይሞታል። አንዱን ለሳቅ ማንበብ አይከፋም፤ ከሁለት ሦስት በኋላ ግን ድግግሞሹ ያሰለቻል። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ መጽሐፍ የሚገዛ ወላጅ በ1950 እንግሊዝ ስለ አንዲት የኬሚስትሪ ፍቅር ያደረባት የ11 ዓመት ልጅ የሚተርከውን የአለን ብራድሊን «ዘ ስዊትነስ አት ዘ ቦተም ኦፍ ዘ ፓይ» (2009) ይመልከት።

መጻሕፍቱን ስለ ማግኘት፦ የአጋታ ክሪስቲ ወረቀት ሽፋን ቅጂዎች አዲስ አበባ ባሉ የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ዘንድ ከሌሎቹ ይልቅ የመገኘት ዕድል አላቸው፤ ከመግዛት በፊት የመጨረሻዎቹ ገጾች አለመገንጠላቸውን ማየት ግድ ነው። የመጀመሪያዎቹ የአባ ብራውን ስብስቦች ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። አሜሪካ የሚኖር አንባቢ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካለው አብዛኞቹን ሊቢ በተባለው መተግበሪያ፣ በጽሑፍም በድምፅም፣ ያለ ክፍያ መዋስ ይችላል። ዋሽንግተን ዙሪያ ላሉት ደግሞ ይህን ዘርፍ የሚያከብረውና ከ1989 ጀምሮ የአጋታ ሽልማትን የሚሰጠው ማሊስ ዶሜስቲክ የተባለው ዓመታዊ ጉባኤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማትርቀው በቤተስዳ፣ ሜሪላንድ መካሄዱን ማወቅ ሳይጠቅም አይቀርም።

ስለ ቅደም ተከተል፣ የካድፌልና የኦስማን መጻሕፍት የሰዎቹ ሕይወት ከአንዱ ወደ አንዱ ስለሚሸጋገር በወጡበት ተራ ቢነበቡ ይመረጣል። የሚስ ማርፕል ግን እንደተገኘ ሊነበብ ይችላል። «ስሊፒንግ መርደር» በ1976 ደራሲዋ ካረፈች በኋላ ቢታተምም የተጻፈው ከብዙ ዓመታት በፊት ስለሆነ፣ በሌሎቹ የኋላ መጻሕፍት የደከሙት አሮጊት እዚያ ላይ ጠንክረው ቢታዩ አያስገርምም። በተራ መነበብ ያለባቸው «ኤ ካሪቢያን ሚስትሪ» (1964) እና «ኔሜሲስ» (1971) ናቸው፤ ሁለተኛው የሚነሣው በመጀመሪያው ውስጥ ሚስ ማርፕል ከተዋወቋቸው አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ነውና።