የራቭ ፎር የመሃል ኩሽኔታ፦ ብቻውን ይለወጣል ወይስ ዘንጉ በሙሉ?

ጥያቄ፦ ባለ ራቭ ፎር (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል የሆነች፣ አራቱም ጎማዎቿ ዘወትር የሚስቡ ቶዮታ ራቭ ፎር አለችኝ። ካለፈው ወር ጀምሮ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስደርስ ከወለሉ ሥር፣ ከኋላ ተሳፋሪዎች እግር አጠገብ፣ የወፍጮ ቤት ድምፅ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማኛል፤ ቆሜ ስነሳ ደግሞ፣ በተለይ ዳገት ላይ፣ ወለሉን ከሥር በመዶሻ የመቱት ያህል አንድ ጊዜ «ጓ» ይላል።

ሦስት ጋራዥ ወስጃት ሦስት የተለያየ መልስ ይዤ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ባለሙያ የኋላ ዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው የማርሽ ክፍል) ስለተበላ ይውረድ አለኝ። ሁለተኛው ከፊት ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ፣ በጋራዥ ቋንቋ ትራስሚሽን የሚባለው፣ በሙሉ ካልተለወጠ መፍትሔ የለውም አለ። ሦስተኛው መኪናዋ ሥር ተኝቶ ዘንጉን በእጁ ከነቀነቀ በኋላ፣ ዘንጉን መሃል ላይ የሚሸከመው ኩሽኔታ (ዘንጉ በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ ቀለበት) ዙሪያውን ያለው ጎማ መቀደዱን አሳየኝና፣ ክፍተቱን በከመነዳሪ ቁራጭ ጠቅጥቆ በሽቦ ሊያስርልኝ ሐሳብ አቀረበ።

ጥፋቱ የኩሽኔታው መሆኑን ዲፈረንሻሉ ሳይፈታ ማረጋገጥ የሚቻለው እንዴት ነው? ኩሽኔታውስ ብቻውን ይለወጣል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤተሰቤን ይዤ ሐዋሳ ለመሄድ ስላሰብኩ፣ እስከዚያ ብነዳት የሚያሰጋ ከሆነም ንገሩኝ።

መልስ፦ የቃሊቲው መካኒክ

ወንድሜ፣ ሦስተኛው ሰው በሽታውን በትክክል አይቶታል፤ ያቀረበው መድኃኒት ግን በሽታውን ያባብሰዋል። በእርስዎ መኪና ላይ ዘንጉ አንድ ወጥ ብረት ሳይሆን በክፍል በክፍል የተቀጣጠለ ስለሆነ፣ መሃል ላይ በሁለት ቦታ ከወለሉ ጋር በኩሽኔታ ተሸክሞ ይዞራል። ኩሽኔታው በጎማ ቀለበት ውስጥ፣ የጎማው ቀለበት ደግሞ በብረት ማቀፊያ ውስጥ ተቀምጧል። የዚያ ጎማ ሥራ የዘንጉን ትንንሽ ንዝረት ውጦ ወደ ቦዲው እንዳይደርስ ማድረግ ነው። በከመነዳሪ ሲጠቀጠቅ ግን ይደርቃል፣ ዘንጉም ከመሃሉ ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ እንዲህ ከተነዳ በኋላ ክሮቸራውም (የዘንጉን ክፍሎች እየታጠፉ እንዲዞሩ የሚያያይዘው መጋጠሚያ) አብሮ ይበላል። ለአንድ ሳምንት ድምፁ ስለሚቀንስ ባለቤቱ ተፈወሰች ብሎ ይደሰታል፤ እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙ ተቀብያለሁ።

ለማረጋገጥ፣ ባዶና ሜዳ በሆነ መንገድ ላይ 60 ሲደርሱ ማርሹን ፎሌ አድርገው (ከማርሽ አውጥተው) መኪናዋ በራሷ እንድትንከባለል ይተዉአት። የሞተሩ ዙር ወርዶ ጉርምርምታው ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ ሞተሩ ነጻ ነው። በመቀጠል መሪውን ቀስ ብለው ግራና ቀኝ ያወላውሉ፤ ወደ አንዱ ጎን ሲያዞሩ የሚበረታ፣ ወደ ሌላው ሲያዞሩ የሚደክም ድምፅ ብዙውን ጊዜ መኪናዋ የምትሽከረከርበት የእግር ጎማ ኩሽኔታ ነው። ዲፈረንሻል የተበላ እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ሲሰጡ አንድ ዓይነት፣ እግርዎን ሲያነሱ ሌላ ዓይነት ያዜማል። የእርስዎ ጉርምርምታ ነዳጅ ቢሰጡም ቢያነሱም ካልተለወጠ፣ መሪውም ካልነካው፣ መሃል ላይ ይፈልጉት።

ከዚያ በኋላ ሥሯ ገብቶ ማየት ነው። ክሪክ ብቻውን አይታመንምና መኪናዋን በአራት መቆሚያ ላይ ያሳርፏት። በኩሽኔታው አጠገብ ዘንጉን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይግፉ፤ ደህና ጎማ ትንሽ ተለጥጦ ይመለሳል፣ የተቀደደው ግን እጅዎን ተከትሎ ይወርዳል። በማቀፊያው ዙሪያ ወለሉ ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ወይም የተረጨ ግራሶ ካዩ ኩሽኔታው ውስጡም አልቋል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ አራቱም ጎማዎች በሚስቡባት መኪና ላይ የፊቱን ወይም የኋላውን ብቻ አንስተው ሞተር አስነስተው ማርሽ አያስገቡ፤ መሬት የያዙት ጎማዎች ከመቆሚያው ላይ ይዘዋት ይወርዳሉ።

ኩሽኔታው ብቻውን ይለወጣል፤ ሶማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ውስጥም፣ ከነጎማውና ከነማቀፊያው ይገኛል። ዘንጉ በሙሉ የሚለወጠው ክሮቸራው ላላ ያለ፣ ወይም ሲያጥፉት የሚንቀራፈፍ ሲሆን ነው፤ በብዙ መኪኖች ላይ ክሮቸራው ከፋብሪካ ተቀጥቅጦ ስለሚገባ እንደ ጭነት መኪና በቀለበት ተፈቶ አይለወጥም። ሐዋሳን በተመለከተ፣ አይሂዱ። የኩሽኔታው ጎማ ጨርሶ ከተበጠሰ ዘንጉ በፍጥነት እየዞረ ይወራጫል፤ ወለሉንና የጭስ ቱቦውን ይመታል።

መልስ፦ ከዴንቨር (አሜሪካ)

እኔ ይህንኑ ሥራ በራሴ መኪና ላይ በግቢዬ ሠርቼው ነበርና አንድ ስህተቴን ላካፍል። እዚህ በበረዶ ወራት መንገዱ ላይ የሚረጨው ጨው ቡሎኑን ሁሉ ከዳዶው ጋር አጣብቆት ስለነበር፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍቼ ማደር ነበረብኝ። ከመፍታቴ በፊት የዘንጉን ክፍሎች አቀማመጥ በነጭ ጠመኔ ምልክት አድርጌበት ነበር፤ ጠዋት ስነሳ ዘይቱ ጠመኔውን አጥቦ ወስዶታል። በግምት መልሼ ገጠምኩት። ድምፁ ጠፋ፤ ነገር ግን 80 ኪሎ ሜትር ላይ ስደርስ የውስጥ መስታወቱ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ከኋላዬ ያለው መኪና መብራቱ አራት ሆኖ ይታየኝ ጀመር።

ምክንያቱን የተረዳሁት ዘንጉን ሁለተኛ ጊዜ ካወረድኩ በኋላ ነው። ክሮቸራ ታጥፎ ሲሠራ በእሱ በኩል የሚዞረው ክፍል ፍጥነት በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ቀጣዩ ክሮቸራ በትክክለኛው አቅጣጫ ከተገጠመ ያንን መዛባት መልሶ ያስተካክለዋል፣ ዞሮ ከተገጠመ ግን ይጨምርበታል። በዚያ ላይ ዘንጉ ከፋብሪካ ሲወጣ ሚዛኑ የተስተካከለው እንደተገጠመ ነው። ስለዚህ በጠመኔ ሳይሆን በመብሻ ብረት ነጥብ መትታችሁ፣ በላዩም ቀለም ቀብታችሁ ምልክት አድርጉ፤ ፊትና ኋላ ካሉት ፍላንጆች (ዘንጉ በቡሎን የሚታሰርባቸው ገበታዎች) ጋርም ጭምር።

መልስ፦ ሹፌር (አዳማ)

ጠያቂው ለሐዋሳ ከተቸኮለ የኋላውን ዘንግ አውርዶ በፊት ጎማ ብቻ ቢሄድ አይቀልም? አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ወር ነድቷል።

መልስ፦ የቃሊቲው መካኒክ

የጓደኛዎ መኪና የኋላውን ጎማ ሲያስፈልግ ብቻ የሚቀሰቅስ ዓይነት ከሆነ ሊነዳው ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ወዲህ ያሉት ራቭ ፎሮች እንደዚያ ናቸው። የጠያቂው ግን መሃል ላይ ዲፈረንሻል ያለው፣ ኃይሉን ዘወትር ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ነው። የኋላው ዘንግ ሲወርድ ኃይሉ ተቃውሞ ወደሌለበት ይሸሻል፤ የመሃሉን ዲፈረንሻል የሚያረጋጋው ዝልግልግ ዘይት የያዘ መያዣ ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ይግላል፣ ይቃጠላልም። አንድ ኩሽኔታ ለማዳን ተብሎ ይህን ማበላሸት አያዋጣም።

የገጣጠሙን ነገር ልጨርስ። ኩሽኔታውን የሚይዘው ትልቁ ዳዶ ከንፈሩ ወደ ዘንጉ ቦይ ውስጥ ተመትቶ ገብቷል፤ መጀመሪያ ያ ከንፈር ተቃንቶ ይፈታል፣ ሲመለስም ዳዶው አዲስ ይሁን። አዲሱ ኩሽኔታ በፕሬስ ሲገባ መገፋት ያለበት የውስጡ ቀለበት ብቻ ነው፤ የውጪው ከተገፋ ግፊቱ በኳሶቹ በኩል ስለሚያልፍ ገና ሳይሠራ ይጎዳል። በብዙ የቶዮታ ሥራ ላይ ዳዶው በመጀመሪያ በከባድ ኃይል ይጠብቅና ኩሽኔታውን ቦታው ካስያዘ በኋላ ተፈትቶ በአነስተኛ ኃይል እንደገና ይጠብቃል፤ ልኩን ከመኪናዋ የጥገና መጽሐፍ ይውሰዱ እንጂ በክንድ አይገምቱት። ማቀፊያውና ወለሉ መካከል ሮንዴላዎች ካሉ የትኛው ከየት እንደወጣ ይጻፉ፤ የዘንጉን ማዕዘን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የማቀፊያው ቡሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት ማቀፊያው ለዘንጉ ቀጥ ብሎ መቆሙ ታይቶ ነው።

ጠያቂው፦ ባለ ራቭ ፎር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ጉዞውን አስተላልፌ ሥራውን አስጨርሻለሁ። ፎሌ አድርጌ ስሞክራት ጉርምርምታው ከፍጥነቷ ጋር ብቻ ሄደ፣ መሪውም አልለወጠውም። ዘንጉ ሲወርድ የኋላኛው ኩሽኔታ ጎማ ሙሉ በሙሉ ተበጥሶ ነበር፤ ደህና ነው ያልነው የፊተኛው ደግሞ በጣት ሲዞር አሸዋ የገባበት ያህል ይንኮሻኮሻል፤ ሁለቱንም ለወጥናቸው። ክሮቸራዎቹ አልተነኩም።

ድምፁ ወዲያው ጠፋ፤ ሆኖም ስነሳ መጠነኛ መንቀጥቀጥ ቀርቶ ስለነበር በማግስቱ ተመለስኩ። የጻፍነውን ወረቀት ከመኪናዋ ጋር ስናስተያይ ከኋላኛው ማቀፊያ ሁለት ሮንዴላዎች ይጎድላሉ። ቡሎኖቹ የታጠቡበት የጋዝ ጣሳ ሥር ተኝተው አገኘናቸው። ገብተው ከጠበቁ በኋላ ከቃሊቲ እስከ ሳሪስ ዳገቱን ደጋግሜ ወጣሁት፤ ምንም የለም። ሐዋሳ የዛሬ ሳምንት እንሄዳለን።